የዘፈኖቻችን ወንዝና ዛፍ፦ ምሳሌ ብቻ ናቸው ወይስ ስለ ራሳቸውም ይናገራሉ?

ጥያቄ፦ የጣና ዳር መምህር

ለተሳታፊዎች ሁሉ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። በዚህ ዓመት ከግጥም ትምህርቱ ጎን ለጎን ተማሪዎቼ የዘፈን ግጥሞችን እየሰበሰቡ፣ ተፈጥሮ በምን መልክ እንደገባችባቸው እንዲመረምሩ እያደረግሁ ነው። የሰበሰቧቸው ስንኞች ብዙ ናቸው፤ ወንዝ፣ ደመና፣ ክረምት፣ ዋርካ፣ ሎሚ፣ ጽጌረዳና አደይ አበባ ያልገቡበት ዘፈን ማግኘት ያስቸግራል። ሁሉንም ደርድረን ስናያቸው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ታየን። ሎሚውም ሆነ ጽጌረዳው የተፈቀረችው ልጅ ናት፤ ደመናው የናፍቆት ወይም የክፉ ዘመን ምልክት ነው፤ ዋርካው አባት ወይም መሪ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ትቶ የሄደ ወዳጅ ወይም አገር ነው። ዛፉ ስለ ዛፍነቱ፣ ወንዙ ስለ ወንዝነቱ የተዘፈነበትን ለማግኘት ተቸገርን።

ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ዘፋኞች ተፈጥሮን የሚያነሡት ስለሚወዷት ነው ወይስ ለሌላ ነገር መግለጫ ስለምትመቻቸው ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም በቂ መልስ አልሰጠኋትም። የምንኖረው እምቦጭ አረም የወረረው ሐይቅ ዳር ስለሆነ ጉዳዩ ለእኛ ከክፍል መልመጃ በላይ ነው። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ተፈጥሮን በምሳሌነት ብቻ የሚጠቀም ዘፈን ስለ አካባቢው አንዳች ነገር ይነግረናል ማለት ይቻላልን? የሚቻል ከሆነስ ለተማሪዎች በምን ላይ አተኩሬ ላሳያቸው?

ምላሽ፦ ቅኔ ወዳድ

የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ የለየችው ነገር እውነት ነው፤ ሆኖም «ምሳሌ ብቻ» በሚለው አልስማማም። ምሳሌ የሚሠራው የተመሰለበት ነገር በትክክል ሲታወቅ ነው። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን አባባል እንውሰድ። በአዝማሪውም በእንጉርጉሮውም እየተመላለሰ የሚመጣ ነው፤ ከሚጎዳው ሰው ጋር ተጠግቶ ስለሚኖር ሰው እንደሚናገር ሁላችንም እናውቃለን። አባባሉን የፈጠረው ሰው ግን መጀመሪያ ያየው አጥር ነው። አጋም ጠንካራ እሾህ ያለው ቁጥቋጦ ነው፤ ቁልቋል ደግሞ ሲወጋ ነጭ ወተት የሚያፈስ ተክል ነው። ሁለቱ በአንድ አጥር ላይ ጎን ለጎን ሲበቅሉ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እሾሁ ቁልቋሉን ይወጋዋል፤ ወተቱም እንደ እንባ ይወርዳል። በዚህ አንድ መስመር ውስጥ የሁለት ዕፅዋት ጠባይ፣ የገበሬው አጥር አሠራርና የሰው ልጅ ኀዘን አንድ ላይ ተቋጥረዋል። ሰሙን ያላየ ሰው ወርቁን በወሬ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ ለተማሪዎችዎ ላቀርብ የምወደው ጥያቄ «ይህ ዛፍ ምንን ይወክላል?» የሚለውን ሳይሆን «ገጣሚው ይህን ዛፍ ለምን መረጠ?» የሚለውን ነው። በፉከራና በቀረርቶ ውስጥ ዱር ሲነሣ እንዲሁ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን ከወረረ በኋላ በነበሩት 5 ዓመታት «ዱር ቤቴ» ያለው አርበኛ ስለ ጫካ ውበት አልፎከረም፤ መጠለያው፣ ምሽጉና ጓዳው ስለሆነለት ነው ያነሣው። ያ ዱር ባይኖር ያ ፉከራ አይኖርም ነበር። እንዲህ ያለው ስንኝ በየትኛው አገር ምን ዓይነት ደን እንደነበረ ከሚናገሩ ምስክሮች እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በቆዩት ስንኞች ውስጥ አጋም፣ ቀጋ፣ እንኮይ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ወይራ እየተባለ በስም ይጠራ ነበር። አሁን ከምሰማቸው ዘፈኖች በብዙዎቹ «አበባዬ» ብቻ ይባላል፤ የትኛዋ አበባ እንደሆነች፣ የት እንደምትበቅል፣ መቼ እንደምትፈነዳ አይነገርም። ግጥሙ በከተማ ተጽፎ በከተማ ስለሚሰማ ዕፅዋቱ ስማቸውን አጥተዋል። ስሙን ያጣ ዛፍ ሲቆረጥ የሚያዝንለት ሰው አይኖርም።

ስለ ወንዝ ከሆነ ግን ዓባይን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ወቀሳ የብዙ ዘፈኖች መነሻ ነው። ከወቀሳው ሌላ ውዳሴም አለ፤ ከጎጃም ከቻግኒ የተነሣችው እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበሟ ውስጥ ባለው «ዓባይ» በተሰኘው ዘፈኗ ወንዙን በማያረጅ ውበቱ ታወድሰዋለች፣ «የበረሃው ሲሳይ»ም ትለዋለች። በአንድ ወንዝ ላይ ወቀሳና ውዳሴ እንዴት አብረው እንደቆሙ ማስተያየት ራሱን የቻለ ትምህርት ይሆናል።

ምላሽ፦ አፈርና ውሃ

በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሙያ በዓባይ ተፋሰስ የምሠራ ነኝ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ባልሆንም፣ ቅኔ ወዳድ ያነሡት የዓባይ ወቀሳ ከሙያዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥቂት ልጨምር።

«ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ሐረግ እንደ ስድብ ብቻ ሲወሰድ ይገርመኛል። እኔ ሳነበው ስለ አፈር መሸርሸር የተነገረ ትክክለኛ ትዝብት ሆኖ አገኘዋለሁ። ግንድ ይዞ የሚዞር ወንዝ ዛፍ የበቀለበትን ገደል ወይም ዳርቻ ንዶ የወሰደ ወንዝ ነው። ግንዱ ሲሄድ የቆመበት አፈርም አብሮ ሄዷል። ዓባይ በክረምት የሚለብሰው ቀይ ቡናማ ቀለም የደጋው ማሳ ነው። ከጣና ወጥቶ የሚሄደው ውሃ ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው ከዐሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን ውሃ፣ አፈሩንም ጭምር፣ የሚያመጡት በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና ሌሎቹ ገባሮች ናቸው። በዚህ መንገድ በየዓመቱ ከአገር የሚወጣው ደለል ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኖ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሱዳኑ የሮዛሪስ ግድብ ከመጀመሪያ የመያዣ አቅሙ ሲሦ ያህሉን ያጣው በዚሁ ደለል ነው።

ወንዙ ከሁሉ ይልቅ አፈር የሚሸከምበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውሃው በጣም በሞላበት በነሐሴ አይደለም። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው፤ የጤፍ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ ልሞ፣ ሰብሉም ገና ስላልሸፈነው የዝናቡ ጠብታ በባዶ አፈር ላይ በሚያርፍበት ጊዜ ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ቡቃያው መሬቱን ስለሚሸፍን ውሃው ቢበዛም በውስጡ የሚይዘው አፈር እያነሰ ይሄዳል። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምትን የሚያወድስ ዘፈን ሁሉ የሚያወድሰው ልምላሜውን ነው፤ ገበሬው ግን ክረምት ሲገባ ደስታና ሥጋት አብረው ይሰሙታል። ያንን ሥጋት የያዘ ስንኝ ተማሪዎችዎ ካገኙ ትልቅ ነገር አገኙ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዘፈኑ ልመለስ። የታላቁ የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀ ድረስ ስለ ዓባይ በርካታ ዘፈኖች ወጥተዋል። በሰማኋቸው ውስጥ ወቀሳው ወደ እርቅ ተለውጧል፤ ወንዙ ማደሪያ አገኘ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ ይባላል። ደስታውን እኔም እጋራለሁ። ነገር ግን የአባባሉ ግማሽ ብቻ ነው የተመለሰው። «ማደሪያ የለው» የሚለው መልስ አግኝቷል፤ «ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ግን ዛሬም እንደቆመ ነው። ልዩነቱ ግንዱም አፈሩም ከእንግዲህ የሚከማቸው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በሚይዘው በራሳችን ሐይቅ ውስጥ መሆኑ ነው። ቀድሞ ሄደብን ብለን የምናዝንለት አፈር አሁን የግድቡን ዕድሜ የሚነካ ደለል ሆኖ ከፊታችን ይቀመጣል። ስለዚህ በወሎ፣ በጎጃም፣ በሸዋና በወለጋ ተራሮች ላይ የሚሠራው እርከንና የሚተከለው ዛፍ ለግድቡ ከሲሚንቶው ያላነሰ ዋጋ አለው። ይህን የሚዘፍንልን ገጣሚ እስካሁን አልሰማሁም፤ ስንኙ ግን ከድሮ ጀምሮ በእጃችን ነበር።

ምላሽ፦ ከለንደን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከእናንተ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌ ልጨምር፤ የእኛን ተፈጥሮ ሌሎች በዘፈን ሲገልጹት ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ነው።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈውን ዘገባ ያየው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ፣ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ ለረሃቡ ገንዘብ የሚያሰባስብ የገና ዘፈን ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ተቀርጾ ወጣ። እርዳታው ሕይወት እንዳተረፈ አልክድም፤ ያንን ዘመን ያየ ሰው ሊክደው አይችልም። ግጥሙ ግን አገሪቱን ምንም የማይበቅልባት፣ ዝናብ የማይዘንብባት፣ ወንዝ የማይፈስባት አድርጎ ይሥላታል። የተነገረው የዓባይ፣ የተከዜ፣ የአዋሽና የዋቢ ሸበሌ መነሻ ስለሆነች አገር ነው! ረሃቡ በከፋባቸው በወሎና በትግራይ ዝናብ ጠፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱና የወቅቱ መንግሥት አሠራር እህል ወደ ተራበው ሰው እንዳይደርስ ማድረጋቸው የታወቀ ነው። ዘፈኑ ጥፋቱን ሁሉ በመሬቱ ላይ ጣለው። መሬቱ ደግሞ መልስ መስጠት አይችልም።

መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ጥያቄ እዚህ ላይ ክብደት ያገኛል። ተፈጥሮን በምሳሌነት መጠቀም ዕውቀት ሲጎድለው ሕዝብን በሐሰት ይገልጻል። ይህ ዘፈን ዛሬም በየዓመቱ ገና ሲቃረብ በየመደብሩና በየሬዲዮው ይሰማል፤ እዚህ ተወልደው የሚያድጉ ልጆቻችን ስለ ወላጆቻቸው አገር መጀመሪያ የሚሰሙት ነገር ወንዝ የሌላት መሆኗን ነው። ስለዚህ ለልጆቼ የምነግራቸው ስለ ጀግንነት ከመናገሬ በፊት ስለ ወንዞቹ ነው፤ በካርታ ላይ እያሳየሁ ስማቸውን አስጠናቸዋለሁ። በአገር ቤት የሚዘፈኑትን የወንዝ ዘፈኖች አብረን የምንሰማውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምላሽ፦ ባለ ክራር

ውይይቱን በጥሞና ተከታትያለሁ። በአፈርና ውሃ ሐሳብ ውስጥ ያለውን ዕውቀት አከብራለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር ያሠጋኛል። ዘፈን የግብርና ኤክስቴንሽን ትምህርት አይደለም፤ ስለ እርከን ዝፈን ተብሎ የታዘዘ ገጣሚ የሚጽፈው ስንኝ ምን እንደሚመስል ከልምድ እናውቀዋለን። 350 ሚሊዮን ችግኝ በአንድ ጀምበር መተከሉ ከተነገረበት ከሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ለተከላ የሚሰናዱ መዝሙሮች ሰምተናል። አብዛኞቹ «እንትከል፣ እናልማ» የሚል ትእዛዝ ናቸው፤ ዘመቻው ሲያበቃ ማንም አያንጎራጉራቸውም። በሠርግ ላይ፣ በመኪና ውስጥ፣ በሌሊት ብቸኝነት ሰው የሚያንጎራጉረው ያዘነለትን ወይም የናፈቀውን ነገር ነው።

ስለ አካባቢ በተዘፈኑ ዘፈኖች ዘንድ ከማውቃቸው ሁሉ የሚልቅብኝ የማርቪን ጌይ ሥራ ነው። በፍቅር ዘፈን የታወቀው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ አየር መበከል፣ በባሕር ላይ ስለፈሰሰ ዘይት፣ ሜርኩሪ ስለገባበት ዓሣ ዘፈነ። ዜማው ለስላሳ ነው፤ በግጥሙ ውስጥ ማንንም አያዝም፣ ማንንም አይወቅስም፤ ነገሮች እንደ ቀድሞው አይደሉም እያለ ምሕረት ይለምናል። ይህ አኳኋን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዝናብ በቀረ ጊዜ ሕዝቡ ወጥቶ ምህላ ሲይዝ፣ «እግዚኦ» ሲል የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነው። የቀድሞውን እያሰበ ስለሚያዝን ሰው ደግሞ ከትዝታ የተሻለ ቅኝት ማን አለው? ትዝታ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ለተለየ ወዳጅ ሲዘፈን ኖሯል። ስለ ደረቀ ምንጭ፣ ከጥላው ሥር ሽማግሌ ይቀመጥበት ስለነበረው የተቆረጠ ዋርካ ቢዘፈንበት፣ ቅኝቱ አንዳች ነገር ሳይለወጥ ይበቃዋል ብዬ አስባለሁ። ክራር ይዤ ስቀመጥ ብዙ ጊዜ የማስበው ይህን ነው፤ ግጥሙን የሚጽፍልኝ ሰው ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት መምህሩ «የአካባቢ ዘፈን» የሚል ሌላ ሣጥን ማበጀት አያስፈልጋቸውም። በናፍቆት ዘፈኖች ውስጥ የሚናፈቀው ስፍራ እንዴት እንደተገለጸ ያሳዩ፤ ወንዙ፣ መስኩና ዛፉ በዚያ አሉ።

ምላሽ፦ አፈርና ውሃ

ባለ ክራር፣ ገጣሚን ማዘዝ እንደማይገባ እስማማለሁ። እኔም ያልኩት ዘፈን ስለ እርከን ያስተምር ሳይሆን፣ ቀድሞ የነበረው ስንኝ አይቶት የነበረውን ነገር አዲሱ ስንኝ እንዳይዘነጋው ነው። የትዝታው ሐሳብዎ ግን ከእኔ ሐሳብ ይበልጣል።

ተጨማሪ፦ የጣና ዳር መምህር

ከጠበቅሁት በላይ የሆነ ምላሽ ስላገኘሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአጋሙና የቁልቋሉን ማብራሪያ ዛሬ በክፍል አነበብኩት፤ ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ቁልቋልን ያውቃሉ፣ አጋምን ለይቶ ያየው ግን ጥቂት ነበር። የእንቁጣጣሽን ጨዋታም አነሣን። ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» ብለው ሲጀምሩ ተቀባዮቹ በየመስመሩ «ለምለም» ይላሉ። አንዱ ተማሪ «እንጨት ሰብሬ፣ ለምለም፣ ቤት እስክሠራ፣ ለምለም» የሚለው ላይ ቆመና፣ ዛፍ እየሰበሩ ልምላሜን መጥራት እርስ በርሱ አይጋጭም ወይ ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ምላሽ፦ ቅኔ ወዳድ

በእኔ ግምት ግጭት የለበትም። ዘፋኟ ቤት የላትም፤ ቀጥሎ የሚመጣው መስመር አጥርም እንደሌላት፣ ኮከብ እየቆጠረች ደጅ እንደምታድር ይናገራል። እንጨት የምትሰብረው ለመጠለያ ነው፤ ተቀባዮቹ የሚሉት «ለምለም» ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ምድር በለበሰችበት ሰሞን የሚነገር ምርቃት ነው። ድኻዋ ልጅ ከለምለሙ ምድር ድርሻዋን ስትጠይቅ ነው የምሰማው። ሆኖም ተማሪው የቆመበት ቦታ ትክክለኛ ቦታ ነው፤ ያንን መስመር ሺህ ጊዜ ሰምተን ያልቆምንበት ብዙዎች ነን።

ምላሽ፦ አፈርና ውሃ

ከቅኔ ወዳድ ትርጓሜ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «እንጨት ሰብሬ» ሲባል የትኛው እንጨት እንደሆነ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ይጠይቁ። የአያቶቻቸው ቤት ምሰሶ ጽድ ወይም ወይራ ሊሆን ይችላል፤ የእነርሱ ቤት አጣናና ማገር ግን ከሞላ ጎደል ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ በአጤ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው አዲስ አበባ ማገዶና የቤት እንጨት አጥታ በተቸገረችበት ወቅት ነው፤ ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት እርሱ ነው ይባላል። ውሃ ይመጥጣል፣ ሌላውን ሰብል ያቀጭጫል ተብሎ ይወቀሳል፤ ነገር ግን ከተሰበረ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ ገበሬው ቤቱን የሠራውም ልጁን ያስተማረውም በእርሱ ነው። በዘፈን ውስጥ ቦታ ያላገኘ፣ በኑሯችን ውስጥ ግን ከሁሉ የበለጠ ቦታ የያዘ ዛፍ ይህ ይመስለኛል፤ ተማሪዎቹ ስለ እርሱ አንድ ስንኝ ቢያገኙ ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል።

በግጥም የሚጠሩትን የቀሩትን ዛፎች ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። በጎጃምና በጎንደር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተረፈው ደን፣ በእናንተ በኩልም የዘጌ ገዳማት ደን፣ ወይራውን፣ ዋንዛውን፣ ሾላውን ይዟል፤ አጋሙን ከደኑ ጠርዝና ከየመንደሩ አጥር ያገኙታል። የስንኞቹን ዝርዝር ይዘው ከተማሪዎቹ ጋር ቢሄዱ፣ ዛፉን በስሙ የሚያውቅ አንድ የአካባቢ ሽማግሌ አብሯችሁ ቢኖር መልካም ነው። አስቀድመው የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ያስፈቅዱ፤ ቅጠልም ሆነ ቅርንጫፍ መቁረጥ ስለማይፈቀድ ተማሪዎቹ ደብተርና እርሳስ ይዘው ሥዕሉን እዚያው ይሣሉ።